ለሐናን ባጃጅ ከአስር ሦስት

ድሬዳዋ ውስጥ «ቁርጥ ዋጋ» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ ዕድሜ የለውም። አንድ ከመሀል አገር የመጣ ነጋዴ ሞክሮት ነበር። ሸሚዙ ጥሩ፣ ዋጋው ከጎረቤቶቹ ሁሉ የረከሰ፣ መብራቱ የሰርግ ቤት የመሰለ። ሰው ይገባል፣ ሸሚዙን ያገላብጣል፣ «ስንት ትለዋለህ?» ይላል። ባለሱቁ አፉን ሳይከፍት በጣቱ ወረቀቱን ያሳያል። ሰውዬው ወረቀቱን አንብቦ፣ ሸሚዙን አስቀምጦ፣ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አጥቁሮ ይወጣና ማዶ ካለው ሱቅ ያንኑ ሸሚዝ በውድ ይገዛል። ለምን ቢሉ፣ ማዶ ያለው ሻጭ አከራክሮታላ! ተማምለዋል፣ ተቀላልደዋል፣ ገዢው ተቆጥቶ ወጥቷል፣ ከደጃፍ ተጠርቶ ተመልሷል። ወደ ቤቱ የገባው ሸሚዝ ብቻ ይዞ አይደለም፤ ወሬም ይዞ ነው። ባለ ቁርጥ ዋጋው ግን ዓመት ሳይሞላው ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ ሰላምታ እንጂ ዋጋ አይደለም። ሻጩ ሰማይ ይሰቅለዋል፣ ገዢው መሬት ይጥለዋል፣ ሁለቱም መሀል ላይ እንደሚገናኙ ሁለቱም ያውቃሉ። ገዢው «ይሄ ደግሞ ጨርቅ ነው? ወንፊት ነው እንጂ!» ቢል ሻጩ አይቀየምም። እንዲያውም ዕቃ የማያጣጥል ገዢ ሊገዛ አልመጣም ተብሎ ይታማል። ከዚህ ሁሉ ግብግብ ነፃ የሆነ ሰው ቢኖር ዘመድና ጎረቤት ብቻ ነው። ለነሱ መነሻ ዋጋ አይጠራም። «ላንቺማ መጨረሻውን ነው የምነግርሽ» ይባላል፣ ይነገራል፣ አለቀ። ይቺን ሕግ ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ሳልላት ቀርቼ ነው ይሄን ሁሉ የማወራችሁ።

ሥራዬ ጌም ቤት ነው። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ ከነሱ የሚበልጡ የተጋጋጡ ጆይስቲኮች፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ከማራገብ ይልቅ ማጉረምረም የሚወድ አንድ ማራገቢያ። ከዚህ ጎን ለጎን የቴሌግራም ቻናል አለኝ። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ተጫውቼው ፍርዴን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከአስር ነጥብ እሰጣለሁ። በውጭ አገርማ ይሄ የተከበረ ሙያ ነው አሉ። የፈረንጅ ተቺ ጌሙ በወጣ ማግስት «ከአስር ስምንት» ይልና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ቁርጥ ዋጋ! ተከታዮቼ እንዲህ ያለውን ፍርድ ቢያዩ ምን እንደሚሉ ከሸሚዙ ሱቅ ታሪክ ገምቱት።

ስለዚህ እኔም እንደ አገሬ አደረግኩ። መነሻ ነጥብ እጠራለሁ። ተከታዮቼ ምሳቸውን በልተው፣ ወበቁ ከተማዋን ጋደም ሲያደርጋት፣ ኮሜንት ላይ ወርደው ይከራከሩኛል። የዘንድሮውን የኳስ ጌም «የአምናው ኳስ ነው፤ ማልያውን አጥበው መልሰው አለበሱት» ብዬ ሁለት ሰጠሁት። ወዲያው ፉአድ መጣ። ፉአድ ታይዋን ገበያ ስልክ የሚሸጥ፣ በክርክር አንደኛ የሆነ ተከታዬ ነው። «አቦ አላህን ፍራ! ሣሩን አላየኸውም? ሣሩ ብቻውን አንድ ነጥብ ያወጣል!» ሦስት አልኩት። «ዳኛውስ? አምና ዳኛው እንዲህ ይሮጥ ነበር?» አራት አልኩት። ሲመሽ ስድስት ላይ ተስማማን። ቀጥሎ የወጣውን፣ ዘንዶ የሚታደንበትን ትልቁን ጌም ደግሞ «ሜዳው ከዚህ እስከ ሐርላ ይደርሳል፣ ሥራው ግን አንዲት ፍየል ከማገድ አይበልጥም» ብዬ በሦስት ጀመርኩት። አንዱ በእናቱ እየማለ ሰባት አደረሰው። እንዲህ እንዲህ ስንል ስም አተረፍኩ። «የድሬው ተቺ ሐቀኛ ነው፣ መጨረሻው ላይ ይገባዋል» ተባልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለውን ረስቼ እኔም በኩራት አበጥኩ።

አሁን ወደ ሐናን ልምጣ።

ሐናን የጎረቤቴ የአደም ልጅ ናት። አደም አሸዋ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ሰፈርተኛው አባ ሐናን ነው የሚለው። ድሬ አንቱታ አትወድም፣ ሽማግሌውንም አንተ እያልን ነው የምንኖረው፤ እናንተ አንቱ የምትሉ ሰዎች እንዳትቀየሙኝ። አባ ሐናን በገበያው የሚታወቀው በፊቱ ነው። ዕቃ ሲወድም ሲጠላም፣ ሲያተርፍም ሲከስርም ያው ፊት ነው። ያንን ፊት አይተው ተስፋ ቆርጠው ዋጋ የጣሉ ጅምላ ሻጮች ስንት እንደሆኑ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ልጅቱ ቀን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሱሪ ስትሰፋ ትውላለች። ከሥራ መልስ ኮምፒውተሯ ላይ ታቀረቅርና ጌም ትሠራለች። ሠርታም ጨረሰችው፤ ስሙን «ተሻገር» አለችው። ባጃጅ ትነዳለህ፣ ሰው ጭነህ ደቻቱን ወዲያና ወዲህ ትሻገራለህ። ደቻቱን ለማታውቁ፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት የአሸዋ ወንዝ ነው። ሰው ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። እኛን እዚህ ፀሐይ እየጠበሰችን ወደ ደጋው ይዘንብና ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል። በሐናን ጌምም እንዲሁ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ጌም የሚሠራ ድርጅት ሰው ይፈልግ ነበርና ሐናን አመለከተች። የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፈች። የመጨረሻው ማጣሪያ ደግሞ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ በቪዲዮ ፊት ለፊት መነጋገር ነው። «ስለ ጌምሽ ተቺ የጻፈው ነገር ካለ ላኪልን» አሏት። እሷም የኔን ቻናል ሊንክ ላከችላቸው። ልብ በሉ፣ ገና ምንም ሳልጽፍ ነው የላከችው። አምናኝ ነው። ከአባቷ ጋር ደግሞ ቃል ተገባብተዋል። አባ ሐናን እንደ ነጋዴ፣ «አንድ ገበያ አውጪው። ከተሸጠ ሥራሽ ነው፤ ካልተሸጠ ታጥፎ ይገባል» ብሏታል። ካልተሳካ ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ እሷም ጨርቁ ሱቅ ትገባለች ማለት ነው። እሷም እሺ ብላለች።

እኔ ታዲያ ጌሙን ወድጄዋለሁ። ስለወደድኩትም ነው ጥበበኛ ልሁን ያልኩት። ከታች ብጀምርላት ሕዝቡ ራሱ እየጎተተ ስምንትና ዘጠኝ ያደርሳታል፣ አዲስ አበቤዎቹም ከተማ ሙሉ ሰው ሲሟገትላት ያያሉ ብዬ አሰብኩ። አርብ ማታ ጻፍኩ፦ «ባጃጁ ለመታጠፍ እንደ ግመል መለመን ይፈልጋል። ተሳፋሪዎቹ ከአፋቸው በቀር ሥራ የላቸውም። ጎርፉ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ከአስር ሦስት።» ጽፌም የሚመጣውን ጩኸት እያሰብኩ ፈገግ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ኮሜንት የለም።

ሰው አላየው ይሆን ብዬ ተመለከትኩ፤ አይቶታል። እንዲያውም ከዘንዶው ጌም ይበልጥ የታየ እሱ ነው። ያያል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች፤ እንደዚያ ቀን ዝምታ ሲነቅዝ ግን አይቼ አላውቅም። ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ጸጥ። ሱቅ ከፈትኩ፣ ጸጥ። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። ወበቁ ከወትሮው ቀደም ብሎ ደረቴ ላይ ተቀመጠ።

ከምሳ በኋላ ፉአድ በአካል መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገቱን ደፋ።

«ዋርያ ፉአድ፣ የት ጠፋህ? ለምን አትከራከረኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? የኛው ልጅ ናት አቦ። ለሷ መነሻ አትጠራም። መጨረሻውን ነው የነገርካት ብለን ነው። ሦስት ከሆነ እንግዲህ ሦስት ነው፣ ምን ይደረጋል? ወላሂ አዘንን።»

ከተማው ሁሉ ሕጉን አስታውሷል፣ የረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለጎረቤት የሚነገር ቁርጥ ነው፣ እኔም ለጎረቤቴ ልጅ በቁርጥ ሦስት አልኩ። አዲስ አበቤዎቹ ደግሞ እኛ የምናውቀውን የመነሻና የመጨረሻ ነገር ከየት አምጥተው ያውቁታል? የሚያነቡት «ግመል» እና «ሦስት» ነው። አስር ሰዓት ደግሞ እየመጣ ነው።

ፉአድ ንግግሩን እንደጨረሰ አባ ሐናን ገባ። ጌም ቤቴን ረግጦ አያውቅም። በሽርጡ፣ በነጠላ ጫማው፣ በዚያ ፊቱ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታቸውን አቆሙ።

«ልጄ የሠራችው ዕቃ መጨረሻው ሦስት ነው?» አለኝ።

«ኧረ አይደለም፣ አባ ሐናን! መነሻ ነው እንጂ።»

«መነሻ?» አለ። «ሚኪ፣ እኔም አንተም የገበያ ሰዎች ነን። ለጎረቤቱ መነሻ የሚጠራ ሰው ወይ አታላይ ነው፣ ወይ ጎረቤትነቱን ረስቷል። አንተ የቱ ነህ?»

ከሁለቱ የሚሻለውን ለመምረጥ ሞከርኩ። የሚሻል የለውም። አፍሬ፣ ደንግጬ፣ ስልኬን አንስቼ እዚያው ፊቱ ሦስቱን አጠፋሁና ስምንት አደረግኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ መልቀሙም አልሆነልኝም። ጠዋት ሙሉ የለመንኩት ኮሜንት አሁን እንደ ዶፍ ወረደ። «አባቷ ጌም ቤት ሲገባ ታይቷል!» «ስንት ሜትር ጨርቅ ለካልህ?» «ሚኪ ተሸጠ!» ፉአድ እያነበበ ዓይኖቹ ፈጠጡ። ሦስት እያለሁ ያዘኑልን ሰዎች ስምንት ስል ሳቁብን። ይሄንንም እዚያ አዲስ አበባ ያነቡታል።

አባ ሐናን ፉአድ ሲያነብ ሰማ። «አሁን ደግሞ ለማኝ አደረግከኝ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲያ ወደኔ አላየም።

ሐናን የገባችው በዚህ መሀል ነው። በሰፈራችን የተሻለው ኢንተርኔት የኔ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ጋር የምትነጋገረው ከኔ ቤት እንዲሆን ቀደም ብለን ተነጋግረናል። ኮምፒውተሯን ታቅፋለች፣ አዲስ ሻሽ አድርጋለች። ሁሉንም እንዳነበበች ከፊቷ ያስታውቃል። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«መጨረሻውን ንገረኝ» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ለካ መጨረሻውን አላውቀውም! እስከዛሬ መጨረሻውን የሚያገኙልኝ ፉአድና ጓደኞቹ ነበሩ፤ እኔ መነሻ ጠርቼ እነሱ እየጎተቱ ነው የምናገኘው። ብቻዬን አንድም ጌም እስከ ቁርጡ ይዤ ሄጄ አላውቅም። ያን ያህል ጊዜ ተቺ ተብዬ ስኖር፣ ስለ አንድ ጌም ልቤ የሚያስበውን ቁጥር አጥርቼ ጠይቄው አላውቅም። በዚያ ሰዓት ያሳፈረኝ ያህል አሳፍሮኝ የሚያውቅ ነገር የለም።

«አምጪው፣ እንደገና ልጫወተው» አልኳት።

ሰዓቱ እየገፋ ነው። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካችው። ፉአድ፣ ልጆቹ፣ አባ ሐናን ከኋላዬ ሆኑ። ጆይስቲኩ በላብ ያዳልጠኛል። ባጃጁን አስነሣሁ። አንዲት ቲማቲም የተሸከመች ሴት ተሳፈረች፤ ገና ሳትቀመጥ በኦሮምኛም በሶማልኛም በአማርኛም ስለ ታሪፉ ትከራከረኝ ጀመር። ትናንት «ከአፋቸው በቀር ሥራ የላቸውም» ያልኩት ይሄን ነው፤ ዛሬ ስሰማት የራሴ አክስት መሰለችኝ። ልታጠፍ ስል ባጃጁ እምቢ አለ። ይሄ ውሸት አልነበረም፣ በእውነትም አይታጠፍም። አውራ ጣቴ እስኪያመኝ ገፍቼ ወደ አሸዋው ወረድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሻጮቹ ይጮኻሉ፣ ልጆች ኳስ ይመታሉ፣ ፍየሎች ይጮኻሉ።

ድንገት አባ ሐናን ከአግዳሚው ተነሣ።

«ውጡ!» ብሎ ጮኸ። «ያ ረቢ! ከአሸዋው ውጡ! ልጆቹን አውጡ!»

ስክሪኑ ላይ ምንም ውሃ የለም። ግራ ገብቶኝ ዞር ልል ስል ገባኝ፤ የገበያው ጩኸት ቆሟል። ፍየሎቹ ዝም ብለዋል። ሐናን ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ያንን ጸጥታ አስገብታበታለች። ትናንት ስጫወተው ሱቁ በልጆች ጩኸት ተሞልቶ፣ እኔም የማጣጥልበትን ነገር ስፈልግ አልሰማሁትም። ማስጠንቀቂያው ነበረ። ባጃጁን ላዞር ሞከርኩ፣ አልታጠፍ አለኝ፣ ውሃው ደረሰ። ቲማቲሞቹ ብቻቸውን ተንሳፈፉ።

አባ ሐናን ቆሞ የሚያየው የልጁን ጌም አልነበረም፤ ድሮ በዓይኑ ያየውን የደቻቱን ጎርፍ ነበር። ያ ፊት፣ ያ ማንም አንብቦት የማያውቀው ፊት፣ ያን ጊዜ ክፍት ነበር። ሐናንም አየችው።

ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ። «ሰባት» አልኩ። «ጎርፉና ሰዎቹ ከዘንዶውም ከኳሱም ይበልጣሉ። ግን ባጃጁ አይታጠፍም። ሰው ነው የጫንኩት፤ መታጠፍ ነበረበት። ሰባት ነው፣ መጨረሻው ነው።»

«ሰባት» አለች ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ቁጥሩን ይዛ። «ሰባት እኮ ጥሩ ነው። ትናንት ለምን እሱን አላልከኝም?»

እዚያው ፊቷ ሰባቱን ከነምክንያቱ ጻፍኩና ስልኬን አስቀመጥኩ፤ አስር ሰዓት ሞልቶ ነበር።

ከአዲስ አበባ አንድ ወንድና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ብቅ አሉ። እኛ ከካሜራው ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጥፈናል። ሴትየዋ ሰላምታውን አሳጠረችና፣ «ሐናን፣ ከትናንት ጀምሮ ስለ ጌምሽ ሦስት አየን፣ ስምንት አየን፣ አሁን ደግሞ ሰባት እናያለን። የቱን እንመን?» አለች።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

«ሰባቱን» አለች ሐናን። «ባጃጁ አይታጠፍም፣ አውቃለሁ። ቀን ስፌት ላይ ውዬ ነው ማታ የምሠራው። ቀን ብሠራበት ይታጠፋል።»

ሁለቱ ተያዩ። ድምፁን ዘግተው ተነጋገሩና ተመለሱ። «ጥሩ» አለ ሰውዬው፤ «ለጊዜው በተለማማጅነት እንያዝሽ። ከዚያ ሁኔታሽን አይተን እንወስናለን።»

ፉአድ በደስታ ክንዴን ጨበጠኝ። አባ ሐናን ግን ከካሜራው ጀርባ እጁን አነሣ፤ የእጁን ጀርባ ወደ በሩ ወረወር አደረገው። ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ጀርባሽን ስጪያቸው ማለት ናት።

ሐናን አየችው። «አመሰግናለሁ። ልምምዱን ግን እዚህ ጨርሼ ነው የመጣሁት። ደህና ዋሉ» ብላ ዘጋችው።

ዘጋችው! ፉአድ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ «እናንተ ሰዎች፣ እነሱ እኮ አዲስ አበቤ ናቸው! ሄዶ መመለስን አያውቁም! የዘጋ ሰው ዘጋ ነው የሚሉት!» ብዬ ጮኽኩ።

«ዝም በል። ይጠራሉ» አለ አባ ሐናን። ፊቱ ወደ ድሮው ተመልሷል፣ ድንጋይ። እጆቹን ግን አየኋቸው፤ የሽርጡን ጫፍ ያጥፉታል፣ ይዘረጉታል፣ ያጥፉታል። ማራገቢያው ያጉረመርማል። ሐናን የተዘጋውን ስክሪን ታያለች። ልጅቱ ያላትን ሁሉ አንድ ገበያ አውጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ከደጃፍ ቆማለች፤ የሚጠራት ይኑር አይኑር ማናችንም አናውቅም።

ስልኳ ጮኸ። ልታነሣው ስትል አባቷ «ገና» አላት በዓይኑ። እኔ ልሞት ደረስኩ። ትንሽ ቆይቶ «አሁን» አለ። አነሣችው። ሰማች፣ «እሺ» አለች፣ «አዎ፣ በቋሚነት ከሆነ እሺ» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። አባ ሐናን አልሳቀም፣ አላለቀሰም። ሽርጡን አስተካክሎ «ሱቅ ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ቆመ።

እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም ጌም መነሻ አልጠራም። ተከታዮቼ ተቀይመዋል፤ ፉአድ «ቁርጥ ዋጋ የሚል ወረቀት ለጥፍበት እንግዲህ» ይለኛል፤ የዚያ የሸሚዙ ነጋዴ ዕጣ እንዳይደርሰኝ እሰጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐናን የታደሰውን «ተሻገር» ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ባጃጁ ይታጠፋል፣ ያውም እንደ ቅቤ። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ሽርጥ የለበሰ ሽማግሌ ተሳፋሪ ተጨምሯል፤ ገበያው ጸጥ ሲል ከሁሉም ቀድሞ «ውጡ!» ብሎ ይጮኻል። ተጫውቼ ስጨርስ ልቤን ጠየቅኩት፤ መልሱን አላዘገየብኝም። «ስምንት ነው፤ ላንቺ መጨረሻውን ነው የምነግርሽ» ብዬ ጻፍኩላት።

ወዲያው መለሰችልኝ፦ «አቦ ሚኪ፣ ዘጠኝ አድርገው!»

ምን ላድርግ? ስምንት ተኩል ላይ ተስማማን።